የቤት ቁጥር

ቅጹ ላይ አንድ ክፍት አለ፤ «የቤት ቁጥር» ይላል።
ቦርከና ዳር ወርዶ ላስቲክ ለወጠረ ሰው
ምን ተብሎ ይሞላል?
ደምለውን ጠየቅኩት፣ ሁለት እርምጃ ርቄ፣
ጭምብሌን አጥብቄ።
«ቤትህ የት ነው?» ስለው ሳቀና ዝም አለ፤
«በየትኛው ንጋት?» ብሎ ቀጠለ፤
«ሰኞ ሆጤ ነበርኩ፣ ማክሰኞ አራዳ፣
ሲቀናኝ እወርዳለሁ እስከ ገራዶ ሜዳ።
ደጁን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለጓዳው ነኝ እንግዳ።»

ላሊበላ ናቸው።
ዶሮ ሳይቀድማቸው አጥር ሥር ቆመው፣
ተኝቶ የሚሰማን በስሙ አወድሰው፣
ቁራሽ፣ ሳንቲም፣ አሮጌ ቀሚስ ተቀብለው፣
መርቀው ከፍለው፣
ፀሐይ ሳታያቸው የሚሄዱ ናቸው።
የዘራቸው ውል ነው፤ ያ ድምፅ ካቋረጠ
ጣት ተቆረጠ።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ከፒያሳ የሚጮኸው መኪና
«ቤት ይቆዩ» ይላል፤ ደግሞ ይላል፤ ደግሞ እንደገና።
እነሱ ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሰው መጡ፤
የሟቹ ምርመራ፣ ከተቀበረ በኋላ፣ ታወቀ ቁርጡ።
አከራያቸው ሰምቶ በሩን በሌሊት ዘጋ፤
ላስቲኩ የተወጠረው እንደዚያ ነው፣ ሲነጋ።
ለሦስት ቤተሰብ፣ ለአሥራ አንድ ነፍስ
አሥራ አራት ቀን አዘዝኩ፣ በአንድ እስትንፋስ።

እማማ ሙጩት ግን፣ የደምለው እናት፣
ከላስቲኩ ጀርባ ጣታቸውን ቆጠሩት፣
እስከ አሥር። «ሙሉ ነው» አሉኝ። «አያቴ ስድስት ነበር የቀራት።
አንዱን በሽታ ሽሽት ተቀመጪ ትይኛለሽ፤
ብቀመጥ የሚመጣውን በምን ትመልሻለሽ?»
መልስ አልነበረኝም።
ሥልጠናው ስለ ሳሙና እንጂ ስለ መሐላ አያውቅም።

ቀን አንድ። ከእድሩ ሁለት ቢጫ ጀሪካን።
ቀን ሁለት። አንዱ ጀሪካን የለም።
ቀን ሦስት። ዱቄት መጣ። ሙሄ ከነሰደርያው ፎቶ ተነሳ፤
ግማሹ ዱቄት ከፎቶው ጋር ሄደ።
ቀን አራት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደምለው ወጣ።
ዘበኛው እንድሪስ ሸዋ በር ላይ አገኘው፤
ዱላውን ጣለና
ለማኙን ለምኖ መለሰው።
ቀን አምስት። ማንም አላዜመም።
እማማ ሙጩት ጣታቸውን እየነካኩ አደሩ።

ሻይ ቤት ያላት ዘሐራ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች፤
«እንቅልፍ አጣሁ» አለች።
«አምስት ንጋት ሙሉ ስሜን የጠራ የለም።
ደጅ መሄድ ካልቻሉ፣ ደጅ ይሂድላቸዋ!»

በስድስተኛው ንጋት፣ ጦሳን ጉም በልቶት፣
ጃንጥላ ዘርግታ፣ የግቢዋን ቁልፍ ከጣቷ አንጠልጥላ፣
ሃያ እርምጃ ርቃ ከላስቲኩ ፊት ቆመች።
ቁልፉን አንቃጨለች።
«ደጅ ነኝ» አለች።

ዝም።
ከዚያ የሙጩት ድምፅ፣ ሳል እየቆራረጠው፣
ከውስጥ ወጣ፤ ምራታቸው ተቀበለችው፤
ዘሐራን በስሟ፣ እናቷን በስሟ፣
የሞተው ባሏን እንኳ በስሙ አነሱት።
ዳቦውን ድንጋይ ላይ አኑራ
ወደ ኋላዋ እየረገጠች ሄደች።

በማግስቱ አራት ደጅ መጣ። በዘጠነኛው ቀን አሥራ ሰባት፦
አናጢው መቀርቀሪያ ይዞ፣
አንዲት ልጅ የተነቀለ የበር እጄታ ይዛ፤
በረንዳ የሚያድረው ሊስትሮ ሣጥኑን አቆመና
«እኔም ደጅ ነኝ» አለ።
«ስብሰባ ነው ይሄ!» ብሎ ኃላፊው በስልክ ጮኸብኝ።
በገንዘቤ ኖራ ገዛሁ።
ለእያንዳንዱ ደጅ አንድ ነጥብ፣ በነጥቦቹ መሐል አራት እርምጃዬ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምቡላንስ መጣ ለሙጩት።
«ወዴት ነው?»
«ቦሩ ሜዳ።»
ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። «አያቴንም የወሰዷት እዚያ ነበር፣
ስለ አራቱ ጣት።»
ተመልሰው መጡ፣ ከስተው፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን።
እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። አብረን ቆጠርን።

ቅጹን «አሥራ ሰባት» ብዬ ሞልቼው ነበር።
ከዞን ተመለሰ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ቦርከና ዳር እንዲህ ያለ የቤት ቁጥር የለም።»
እውነታቸውን ነው።
ሐምሌ ኖራውን አጥቦታል።